ባትሪውን ማን አሰረው?

በእኛ ጊዜ መኪና ሲታመም ራሱ ይናገር ነበር። እሳት የሚጭረው ካንዴላ ሲሞት ይንተባተባል፣ ካርቡራቶሩ ሲቆሽሽ ይስላል፣ አንቺ ጆሮሽን አስጠግተሽ ታዳምጪዋለሽ፣ አለቀ። በሽታውን ለኮምፒውተር ነግሮ ኮምፒውተሩ ደግሞ በአንዲት ቢጫ መብራት «የሆነ ነገር አለ» ብሎ ዝም ማለት የመጣው በኋላ ነው። ሰናይት፣ ዛሬ ጠዋት መኪናዬ ላይ በራ ያልሽው መብራት እሱ ነው። አትደንግጪ፣ ቁጭ በይ፣ ግን ለማንም ሰው ኮፈኑን እንዳትከፍቺለት፣ ለምን እንደምልሽ እነግርሻለሁ። እኔን ጉድ የሠራችኝ ያችው መብራት ናት። ሁሉ ነገር የተበላሸበትን ቀን ደግሞ አልረሳውም፤ ረቡዕ ነው፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ሚሊኒየሙ ሊገባ ዓመት ሲቀረው። ይኸው ጎረቤቴ ወንድሙም አጠገብሽ ሻይ ይጠጣል፣ እሱም አልረሳውም። ረስቼዋለሁ ይላል እንጂ አልረሳውም።

እኔና ወንድሙ እዚህ ገላን ኮንዶሚኒየም ገብተን በአንድ ብሎክ፣ በአንድ ዕድር ከመሆናችን በፊት ቃሊቲ አንድ የመንግሥት ድርጅት ጋራዥ ውስጥ አብረን እንሠራ ነበር። ስሙን ተዪው፣ አሁን የለም። እሱ የሥራ አስኪያጁ ሾፌር፣ እኔ የኤሌክትሪክ ክፍል ኃላፊ። በኤሌክትሪክ ምህንድስና ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ በዚያ ጋራዥ ዲግሪ የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እና አሰፋ ብሎ በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም፣ «ዲግሪው» ነው የሚሉኝ። «ዲግሪው መጣ»፣ «ዲግሪው ሽቦ እያነበበ ነው»፣ «ዲግሪውን ጥሩት፣ ፊውዝ ይቀይር»። ወንድሙ ብቻ ነው «ኢንጂነር» የሚለኝ፣ እሱም በምን ልብ እንደሚለው አላውቅም፣ እስከ ዛሬም እንዲያ ነው የሚለኝ።

ፎርማናችን ጋሽ ገዛኸኝ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። በልጅነታቸው ከአንድ ጣሊያን ጋራዥ የተማሩ፣ እጃቸው ወርቅ የሆነ ሰው፣ ይኼን አልክድም። ታዲያ ከኪሳቸው የማትለይ አንዲት ነገር ነበረቻቸው፣ ትንሽ የመኪና አምፖል፣ ሁለት ሽቦ የተበየደላት፣ ላምባዲና ይሏታል። አንዱን ሽቦ እዚህ፣ አንዱን እዚያ ይነኩና «ከበራ አለ፣ ካልበራ የለም፣ መጽሐፍ አያስፈልግም» ይላሉ። ይኼን የሚሉት ወደ እኔ እያዩ ነው።

ኅዳር ሲታጠን ታውቂያለሽ መቼም። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል፣ በሽታው ይውጣ ተብሎ። ጋራዡም ይታጠን ነበር። የዚያን ዓመት ማክሰኞ ነበር የዋለው፣ ዘይት የጠጣ ጨርቅ፣ ካርቶን፣ ያለቀ ጎማ ሳይቀር ተከምሮ ሲነድ ዋለ፣ ከጋራዡ በር እስከ አስፋልቱ ሰው ከሰው አይተያይም። መኪናም ይታጠባል። ታዲያ ወንድሙ የሥራ አስኪያጁን ነጭ ፒክአፕ፣ ባለሁለት ጋቢናውን፣ ከመጣ ዓመት ያልሞላውን፣ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን በናፍጣ አሸና ውሃ በሚተፋው ማሽን ለቀለቀው፣ ቦሎ ሲደርስ እንደሚደረገው። ይኼን እንኳ አይክድም። አጥበሃል ወንድሙ? ይኸው፣ ሰማሽ? «አጠብኩ፣ ኅዳር አይደል እንዴ» ይላል፣ ያኔም ያላት ይችኑ ነው። የድሮውን ሞተር ብታጥቢው ምንም አይልሽም፣ ፀሐይ ላይ ታቆሚዋለሽ፣ ይደርቃል። ይኼኛው ግን ሆዱ ሙሉ ሽቦ ነው፣ እና የሥራ አስኪያጅ መኪና ንጹሕ መሆን አለበት ብሎ ነው እንጂ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በዚያ አልቀየምኩትም።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፒክአፑ እየተንዘፈዘፈ ገባ። ከኋላው ጥቁር ጢስ ነው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ቢጫ መብራት። ጋሽ ገዛኸኝ ገና ከበሩ አዩትና «ሰው ትናንት አጥኖ ጨርሷል፣ ይኼ ገና እያጠነ ነው» አሉ፣ ጋራዡ በሳቅ አለቀ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም። ወጣት ነው፣ በሹመት የመጣ፣ ስለ መኪና የሚያውቀው መቀመጫውን ነው። «አቶ አሰፋ፣ በስድስት ሰዓት አዳማ ስብሰባ ላይ መገኘት አለብኝ፣ በዚሁ መኪና ነው የምሄደው» አለኝ። «እናየዋለን» አልኩት። «አይታይም፣ ይሠራል» አለና ወደ ቢሮው ወጣ።

አሁን ልብ በይ፣ እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ኢንጀክተር ማለት ቤንዚን የምትረጭ ትንሽ ቧንቧ ናት ብለሽ ያዢ፣ ለአራት ሲሊንደር አራት ናቸው። ለእያንዳንዷ ሁለት ሽቦ ይመጣላታል። አንደኛው ቁልፍ ከተከፈተ ጀምሮ መብራት አለው፣ ሁለተኛው ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ያን ሁለተኛውን ሽቦ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ከመኪናው አካል፣ ከቦዲው ጋር ያገናኘዋል፣ ያኔ ትከፈታለች፣ ይለቀዋል፣ ትዘጋለች። ታዲያ ያ ሽቦ ተልጦ በራሱ ጊዜ ቦዲ ቢነካ ምን ይሆናል? ኮምፒውተሩ ሳያዛት ተከፍታ ትቀራለች፣ ቤንዚኑ እንዳልተዘጋ ቧንቧ ይፈሳል፣ ጥቁሩ ጢስ እሱ ነው። ይኼን ያወቅኩት ገና ጢሱን ሳይ ነው። ካንዴላዎቹን አስፈታሁ፣ ሦስቱ ደረቅ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ያለው ግን በቤንዚን ርሷል። «ሦስተኛዋ ናት» አልኩ። የባትሪውን ገመድ ፈታሁ፣ ዳሽቦርዱ ሥር ገብቼ የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቀልኩ፣ እና ቴስተሬን አውጥቼ ያን ሽቦ ከቦዲው ጋር ለካሁት። ጢጢጢ አለ። ነክቷል ማለት ነው።

«ሽቦ ነው፣ ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም ሰምቷል። ታዲያ ለማሳየት ደግሜ ለካሁ፣ ዝም አለ። የሽቦውን ጥቅል ነቀነቅኩት፣ ጢጢ አለ። ለቀቅኩት፣ ዝም። ነቀነቅኩት፣ ዝም። እና ግራ ገባኝ። ውሃው ይሆን? የተላጠው ቦታ አንዴ እየነካ አንዴ እየለቀቀ ይሆን? ወይስ ቴስተሬ ነው የታመመው?

ጋሽ ገዛኸኝ ከኋላዬ ቆመው ነበር። «እህ ዲግሪው፣ አለ ወይስ የለም?»

«አንዴ አለ፣ አንዴ የለም።»

«እኔ የማውቀው አንዴ ያለ አንዴ የሌለ ነገር የቃሊቲን የቧንቧ ውሃ ነው» አሉና ላምባዲናቸውን ከኪሳቸው መዘዙ። «ዞር በል፣ እስቲ ይቺ ትንገረን።»

«ጋሽ ገዛኸኝ፣ እባክዎን ከዚህ ሶኬት ጋር አያስጠጓት» አልኳቸው፣ ለመንኳቸው ማለት እችላለሁ። «አምፖሏ ብዙ ኮረንቲ ትስባለች፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ነገር ስስ ነው፣ አይችላትም፣ ይቃጠላል።»

«አንተ ሳትወለድ በዚች ስንት መኪና አስነስቻለሁ።»

«እነዚያ ኮምፒውተር አልነበራቸውም።»

«መኪና መኪና ነው» አሉኝ፣ ግን መልሰው ኪሳቸው ከተቷት። ይኼን በዓይኔ አይቻለሁ። ኪሳቸው ከተቷት።

ወዲያው ጸሐፊዋ መጣች፣ «አቶ አሰፋ፣ ለአምስት ደቂቃ ቢሮ ይፈለጋሉ»። እና እኔ ስሄድ፣ አሁን ስሚኝ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ባትሪው ተፈትቶ ነው የሄድኩት። እንደዚያ ነው ትዝ የሚለኝ። ወንድሙ ጋቢና ውስጥ መሪው ላይ ተቀምጧል። «ወንድሙ፣ እስክመለስ ማንም እንዳይነካው» አልኩት። «እሺ ኢንጂነር» አለኝ። አላልክም? ራሱን ነቀነቀ፣ ጥሩ፣ እዚህ ድረስ ተስማምተናል።

አምስት ደቂቃው ግማሽ ሰዓት አለፈው። ሥራ አስኪያጁ «ችግሩን በጽሑፍ ያቅርቡልኝ» አለኝ። መኪናው ሳይሠራ በጽሑፍ። «ጠረጴዛው ይኸው፣ ወረቀቱ ይኸው» አለ። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፣ ሁለት ገጽ፣ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ፣ ስለ ሦስተኛዋ ኢንጀክተር፣ ስለ ተላጠው ሽቦ። አላነበበውም፣ ከእስክሪብቶው ሥር አስቀመጠው። ስመለስ ኮፈኑ እንደተከፈተ ነው፣ ጋሽ ገዛኸኝ እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ፣ ወንድሙ እዚያው መሪው ላይ ነው። ባትሪው ታስሯል። ሶኬቱ ተገጥሟል።

«ማን ገጠመው?» አልኩ።

«አንተ እንደተውከው ነው» አሉ ጋሽ ገዛኸኝ።

«እኔ ነቅዬው ነው የሄድኩት።»

«ዲግሪው፣ በጠዋቱ ምን ነካህ? አስነሳው ወንድሙ።»

ወንድሙ ቁልፉን አዞረው፣ ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም፣ ይዞራል፣ አይነሳም። ዳሽቦርዱን አየሁ፣ ያቺ ቢጫ መብራት እንኳ የለችም። ቁልፍ ሲከፈት ለአፍታ መብራት የነበረባት፣ የለችም። ኮምፒውተሩ ሞቷል ማለት ነው። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ግን ሰናይት፣ የትናንቱ የጎማ ጢስ ገና ከግቢው አልወጣም፣ ልብሴም እጄም ጢስ ጢስ ይላል፣ ሽታው ከኮምፒውተሩ ይሁን ከኅዳር መለየት አልቻልኩም። ወንድሙን አየሁት። መሪውን ያያል። «ወንድሙ?» አልኩት። «እኔ ሾፌር ነኝ ኢንጂነር፣ የውስጡን ምን አውቃለሁ» አለኝ።

ሥራ አስኪያጁ በሰው መኪና አዳማ ሄደ፣ አርፍዶ ደረሰ፣ እና ንዴቱን ይዞት ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ተፈቶ መኪናውን ወዳስመጣው ድርጅት ተላከ፣ «ተቃጥሏል፣ የሚታደስ አይደለም» የሚል ወረቀት መጣ። ከዚያ ግምገማ ተጠራ። ግምገማ መቼም ታውቂዋለሽ፣ አንቺ የምታስተምሪበት ትምህርት ቤትም አለ አይደል፣ ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ይሰበሰባል፣ ሂስ ትቀበያለሽ፣ ከዚያ ተነሥተሽ ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ። ጋሽ ገዛኸኝ እጃቸውን አወጡ፣ «የተማረ ሰው እናከብራለን፣ ግን መኪና በቃል አይሠራም፣ በዚያች በምትጮኽ ነገሩ ሲነካካ ዋለና አቃጠለው» አሉ። «ባትሪው ተፈትቶ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ ነበር፣ እኔ ሳልኖር የገጠመው ሰው አለ» አልኩ። «ማን አየ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። ወንድሙ ከኋላ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ዞሬ አየሁት። ጫማውን ያያል።

ታዲያ ከሰዓት እረፍት ላይ ሥራ አስኪያጁ ለብቻዬ ጠራኝ፣ ትከሻዬን ያዘኝ፣ «አቶ አሰፋ፣ ይኼ ለደንቡ ነው፣ ‹በጥንቃቄ ጉድለት ሊሆን ይችላል› ይበሉና ይዘጋ፣ ማንም አይነካዎትም» አለኝ። እና አልኩ። ተነሥቼ አልኩ። ቃለ ጉባኤው ሲመጣ «በጥንቃቄ ጉድለት ማቃጠሉን አምኗል» ይላል። አነበብኩት እኮ፣ ሳላነብ ፈረምኩ አልልሽም። ግን ሰዓቱ ዐሥራ አንድ ተኩል አልፏል፣ የሠራተኛው ሰርቪስ ውጭ ጡሩምባ ይነፋል፣ ሳሪስ የሚወርደው፣ አቃቂ የሚወርደው ሁሉ ቆሞ እኔን ይጠብቃል። አንዱ ከኋላ «ዲግሪው፣ ፈርምና እንሂድ፣ ቤት ልጅ አለን» አለ። ፈረምኩ። ስድሳ ሰው ሰርቪስ እንዳያመልጠው ብዬ ስሜን ሰጠሁ።

ከዚያ በደብዳቤ ከክፍል ኃላፊነት ተነሣሁ፣ ንብረት ክፍል ገባሁ፣ ስቶር፣ ፊልትሮና ብሎን ማደል። ጡረታ እስክወጣ እዚያው ነኝ። በአራተኛው ወር አዲሱ ኮምፒውተር ከውጭ መጣ፣ የአስመጪው ሰዎች ገጠሙት፣ አስነሱት፣ እና ፒክአፑ ጥቁር ጢሱን ቡልቅ አደረገው። እንደ መጀመሪያው ቀን። ሁለት ቀን ፈለጉ። በሦስተኛው ቀን አንዱ የአስመጪው ልጅ ስቶሬ መስኮት ላይ መጥቶ «አባባ፣ የኤሌክትሪክ ፕላስተር አለዎት?» አለኝ። «ለምንህ ነው?» አልኩት። «ለፒክአፑ፣ የሦስተኛዋ ኢንጀክተር ሽቦ ከብረት ማሰሪያው ሥር ተልጦ ቦዲ ይነካል፣ እሱ ነው ሲያስቸግረን የነበረው»። ፕላስተሩን አወጣሁ፣ መዝገቡ ላይ አስፈረምኩት፣ ሰጠሁት። ሽቦ ነው ብዬ ከክፍሌ ለተባረርኩበት ሽቦ ማሸጊያውን ያደልኩት እኔ ነኝ። አትሳቅ ወንድሙ። እሺ ሳቅ፣ ያስቃል።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ወጣሁ። «ሽቦ ነው ብዬ ጽፌልዎት ነበር» አልኩት። «ደስ ይላል፣ ሽቦው ተገኘ» አለ። «ኮምፒውተሩን ግን ያቃጠለው ሽቦው ነው ወይስ እርስዎ?» አለኝ። እና እዚህ ጋ ነው ሰናይት እስከ ዛሬ የምዞረው። ቦዲ የነካ ሽቦ ኢንጀክተር ይከፍታል እንጂ ኮምፒውተር አያቃጥልም፣ ይኼን መጽሐፉም እኔም እናውቃለን። ያቃጠለው የሰው እጅ ነው። ወይ የጋሽ ገዛኸኝ ላምባዲና ነው፣ ወይ የእኔ ቴስተር ነው። ባትሪው ተፈትቶ ከነበረ የእኔ ቴስተር ምንም አያደርገውም። ተፈትቶ ነበር? ነበር። ነበር ብዬ እምላለሁ፣ ከዚያ ሌሊት እነቃና፣ ትዝ የሚለኝ ሌላ ቀን የፈታሁት መኪና ነው ወይስ የረቡዑ እላለሁ። ሶኬቱን ነቅዬዋለሁ? ነቅያለሁ፣ ጣቴ ላይ የሶኬቱ መቆለፊያ ምልክት ነበር። ወይስ ያ ምልክት የሌላ ቀን ነው? «አምኗል» የሚል ወረቀት ላይ ከፈረምሽ በኋላ የራስሽን እጅ ራስሽ አታምኚውም። እኔን የገደለኝ ደብዳቤው አይደለም፣ ይኼ ነው።

ይኸው እዪው። ይቺ ዐሥር ቁጥር ቁልፍ ናት፣ የባትሪ ማሰሪያ የምትፈታ። የድሮ ቱታዬን ከሳጥኔ አውጥቼ ወደ ቤት ይዤ ስመጣ ከደረት ኪሱ ውስጥ አገኘኋት፣ ከፈረምኩ ከስንት ጊዜ በኋላ። ያን ቀን ስሄድ ይዣት የሄድኩት ማንም ባትሪውን እንዳያስር ብዬ ነው። ይመስለኛል። ሮጬ ለሥራ አስኪያጁ አሳየሁት፣ አገላበጣትና «የድርጅቱ ንብረት ናት፣ ይመልሱ» አለኝ። ጋሽ ገዛኸኝም ሰምተው «ቁልፍ ከኪሱ የማይጠፋ መካኒክ አለ እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ የለም። እና ቁልፏ አንዳች አታረጋግጥም። አልመለስኳትም ግን። ከዚያ ድርጅት ያለ ደረሰኝ ያወጣሁት ነገር ቢኖር ይቺ ብቻ ናት። ባለቤቴ ከማረፏ በፊት «አሰፋ፣ ወይ ወንድሙን ጠይቀው፣ ወይ ቁልፏን ጣላት» ትለኝ ነበር። ሁለቱንም አላደረግኩም። ከወንድሙ ጋር አንድ ደረጃ እየወጣን፣ በአንድ ድንኳን ለቅሶ እየተቀመጥን፣ ዘጠኝ ዓመት።

ዛሬ ግን ያቺ መብራት ያንቺ መኪና ላይ በራች፣ እና ቁልፏን ይዤ ወረድኩ። ወንድሙ፣ ጫማህን ተወው፣ ወደ እኔ እይ። ጋሽ ገዛኸኝ አርፈዋል፣ እሳቸውን አልከስም፣ ሥራ አስኪያጁ ተዛውሮ ተዛውሮ የት እንደደረሰ አላውቅም። አራት ልጅ ነበረህ፣ የምትነዳው የሥራ አስኪያጁን መኪና ነው፣ ያኔ አፍህን ብትከፍት የሚደርስብህን አውቃለሁ፣ በዚያም አልቀየምኩህም። አሁን ልጆችህ ተዳሩ፣ አንተም ጡረታ ወጣህ፣ የሚያስፈራህ ሰው የለም። ዝም አይነቅዝም ትለኛለህ ሁልጊዜ፣ ነቅዟል ወንድሙ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ሲቀመጥ ነቅዟል። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት ካልከኝም ንገረኝ፣ እሺ እላለሁ፣ ቢያንስ ምን እንዳደረግኩ አውቄ እሞታለሁ። ሰናይት ምስክር ትሁነኝ። ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት፣ ሻይህን አስቀምጥ። እኔ ቢሮ ስገባ አንተ ከጋቢናው አልወረድክም፣ ኮፈኑ ፊት ለፊትህ ነበር። ያን ቀን ባትሪውን ፈትቼ ነው የሄድኩት ወይስ አልፈታሁትም? ከፈታሁትስ ማን አሰረው? መልስልኝ።